«ሥጋ ያልበላ አልበላም» ያለው ማን ነው?

በቋንቋችን፣ ስላልፈለገ ብቻ ሥጋ ለማይበላ ሰው የሚሆን ስም አልወጣም። ጿሚ አለ፣ ስእለተኛ አለ፣ ሐኪም የከለከለው አለ፣ ኪሱ የከለከለውም አለ። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ሳይሆን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ምግብ ቤት ገብቶ «በያይነቱ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ግራ ያጋባል። አስተናጋጁ ቀን የተሳሳተበት መስሎት «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው!» ይለዋል። አጠገቡ ያለው ተመጋቢ ደግሞ ከቁርጡ ቀና ብሎ በአዘኔታ ያየዋል።

እኔ እንዲህ ያለ ስም የለሽ ሰው ከሆንኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወተትና እንቁላል አልተውኩም፤ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ግን አልበላም። ምክንያቴ አጭር ነው፤ እኔ ራሴ ላርደው የማልደፍረውን እንስሳ ሌላ ሰው አርዶልኝ መብላት አልፈለግሁም። ይህ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ማንንም አላስገድድበትም። ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ሀብታም ሥጋ አልባ ማጀቶች አንዱ የእኛው ሆኖ ሳለ፣ ያንን ማጀት እንደ ቅጣት መቁጠራችን ነው የሚያንገበግበኝ።

ክሱ ብዙ ነው። የመጀመሪያው «የፈረንጅ አመል» የሚለው ነው። የሚያስገርመው፣ እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላልም የሚርቅ ሰው መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ሁዳዴ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድና ረቡዕ ዓርብ ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ገደማ ይይዛሉ። በነዚያ ቀናት የጿሚው ገበታ ከእኔ ገበታ ይልቅ የጠበቀ ነው። እኔ ፈረንጅ ከሆንኩ እንግዲህ እሱም በዓመት ስድስት ወር ፈረንጅ ነው! ሥጋ የማይበላው እውነተኛ ፈረንጅማ በዋሽንግተንና በለንደን የሐበሻ ምግብ ቤት ፈልጎ በያይነቱ ያዛል። እኛ ያቃለልነውን እሱ ከፍሎ ይበላዋል።

ሁለተኛው ክስ «ሥጋ ጉልበት ነው» ይላል። ለመሆኑ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ሲያርስ የሚውለው ገበሬ በዓመት ስንት ቀን ሥጋ ይቀምሳል? በዓል ሲመጣ አይደለምን? ያን ሁሉ መሬት የሚገለብጠው በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ጉልበት ነው። እንዲህ ስል ግን ማጣትን እንደ ጥበብ ልሰብክ አይደለም። አጥቶ የቀረና አግኝቶ የተወ አንድ አይደሉም። ልጁ ወተትና እንቁላል አጥቶ ለቀጨጨበት ሰው «ሥጋ ተው» ብሎ ምክር መስጠት ግፍ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት እንደማይገኝም መታወቅ አለበት፤ ወተትና እንቁላልንም ጨርሶ የሚተው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። በሌላ በኩል ግን ጥሬ ሥጋን የጤና ምንጭ አድርገው የሚሰብኩልን ሰዎች፣ አያቶቻችን ያን መራራ የኮሶ አበባ ለምን ይጠጡ እንደነበር ያስታውሱ።

ሦስተኛው ክስ «ጣዕም የለውም» የሚለው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ይህን የሚል ሰው ስልጆ ሲቀርብለት ጣቱን እንደሚልስ አውቃለሁ። ባቄላው ተፈጭቶ ከሱፍ ውሃ ጋር ይበስላል፣ ስናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ከዚያም እስኪቦካ ቀናት ይጠበቃል። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ሲጠለል እንደ ወተት የሚነጣ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ እንጀራ ሲፈተፈትበት ላም ያላወቀችው ወተት ነው። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ በስናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ ሲታሽ አዚፋ ይሆናል። የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዓሣ ቅርጽ ይጠበስና ወጥ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የፈለሰፉት እናቶቻችን ናቸው። ቅቤና ሥጋ በሌለበት ሙሉ ጣዕም ማውጣትን ያህል ጥበብ «የጾም ነው» ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን፤ የወጡን ንግሥትነት ግን ለዶሮ ሰጥተናል።

እዚህ ላይ ለመሰሎቼም አንድ ቃል አለኝ፤ በተለይ ለወንዶቹ። ሥጋ ትቻለሁ ብሎ ባለቤቱን ሁለት ድስት የሚያስጥድ ሰው፣ ለበሬው አዝኖ ለሰው ያላዘነ ነው። ሥጋ የተወ ሰው ቢላዋውን ያንሣና ሽንኩርቱን ራሱ ይክተፍ። የቤቴን ሽሮ የምሠራው እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ ይቁላላል፤ ዘይት ይከተላል፤ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እሳቱን ሳይጠግብ ለሚቸኩል ሰው ወጡ ጥሬ ጥሬ ይለዋል። ሽሮው የሚበተነው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በለሆሳስ ማንተክተክ ነው። ሽሮ ገዢ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቅ፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። «ወንድ ማጀት ገባ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ ወጡ ሲወጣ ግን እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ከድስቱ ውጭ ነው። በዚህች አገር ሥጋ ሃይማኖት አለው። በሥላሴ ስም የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም። አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች ሠርግ ሲደርስ ለየብቻ ይታረድላቸዋል፣ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ሽሮ ግን የማንም ወገን አይደለችም። ምስር ሲቀቀል በማን ስም ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእኔ ገበታ ዙሪያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጎርሳል። በቂም በተሞላ ዘመን ይህን ያህል የሚያስታርቅ ምግብ እያለን፣ እንግዳ ሲመጣ ካልታረደ አልተከበረም ብለን ሙጭጭ ማለታችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ምግብ ቤቶች በያይነቱን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ከዝርዝራቸው አይሰርዙብን፤ «ሽሮ አለ» ብለው በቅቤ አጥለቅልቀው ለጿሚውም ለእኔም የማይሆን አያቅርቡ። ጋባዦችም ሥጋውን ያልነካ እንግዳ ቤታቸውን የናቀ አይምሰላቸው። በሽሮ የጠገበ ሰው ጠግቧል። ምስጋናውም ሙሉ ነው።