ሴት ልጅን መግረዝ ከየትኛው መጽሐፍ ተገኘ?

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር በብዙ ቤት፥ ሴት ልጅ በተወለደች በስምንተኛው ቀን ገደማ ምላጭ ይዛ የምትመጣ ገራዥ አለች። ስለ ምን መጣሽ ቢሏት «ሥርዐት ነው» ትላለች፤ እናቲቱም «ሥርዐት ነው» ትላለች፤ አባትየውም ያንኑ ይደግማል። ሥርዐቱን ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ጣቱ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የምንጽፈው ለገራዦቹ አይደለም፤ ስሙ በሐሰት ለሚጠራበት ለካህኑ ነው እንጂ።

የጋይንት ካህናት መጽሐፍ አያውቁም የሚል ደፋር ቢገኝ፥ እርሱ ራሱ ጋይንትን አያውቅም። ድጓ የተማረ ሰው ምስክርነት የሚቀበለው ከቤተልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት መምህርም የሚመሰከርለት ከዙር አባ ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው አንዲት ምልክት ቢስት መምህሩ በዝምታ አያልፈውም፤ ያስቆመዋል፥ ያርመዋል፥ ደግሞም ያስብለዋል። ለአንዲት ምልክት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ አገር፥ በሕፃናት ሥጋ ላይ የሚነበበውን የተሳሳተ ንባብ ስለ ምን ዝም ይለዋል?

እስቲ ንባቡን ከሥሩ እንመርምረው። ለአብርሃም የግዝረት ኪዳን የተሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ነው፤ ትእዛዙም ለወንድ ሁሉ ነው። በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሣራን አልረሳትም፤ ስሟን ለወጠላት፥ ባረካት፥ የአሕዛብና የነገሥታት እናት እንደምትሆን ተናገረላት። በሥጋዋ ላይ ግን ምንም አላዘዘባትም። በኪዳኑ ውስጥ የገባችው በበረከት ነው፥ በምላጭ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 15 ይህንኑ ኪዳን ሲያጸና የሚናገረው ስለ ወንዶች ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ወንዱን ሕፃን በአርባ፥ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና የምናነሣው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እና ከኩፋሌ የቀኑን ቍጥር ተቀብለን ነው። ያው የሌዋውያን ምዕራፍ ወንዱ በስምንተኛው ቀን እንዲገረዝ ያዝዛል፤ ወደ ሴቷ ሲደርስ ግን ስለ እናቲቱ የመንጻት ቀን ይናገራል እንጂ ስለ ሕፃኒቱ ግዝረት አንድ ቃል የለውም። እንግዲህ ሰማንያውን ከዚያ ምዕራፍ አጥርተን የቈጠርን ሰዎች፥ በዚያ ለሴት ያልተጻፈውን ስምንት ከየት አምጥተን ጨመርንበት?

ከየት እንደ መጣስ ምልክቱ አለ። ጌታችን ከመወለዱ 163 ዓመት በፊት በግብጽ አገር በሜምፎስ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የአቤቱታ ወረቀት ተገኝቶአል፤ በውስጡም አንዲት ልጃገረድ እንደ ግብጻውያን ልማድ የምትገረዝበት ጊዜ መድረሱ ተጽፎአል። ይህ ልማድ እንግዲህ ወንጌል ሳይሰበክ በዓባይ ሸለቆ የነበረ ነው። ከሲና ተራራ አልወረደም፤ ከጎልጎታም አልመጣም።

ይህን በተናገርን ጊዜ «ወንዱንም ልታስቀሩብን ነው» የሚል ድምፅ ወዲያው ይነሣል። ለዚህ የሚመልስልን ንጉሡ ገላውዴዎስ ነው። የሮም መነኮሳት ኢትዮጵያ የአይሁድን ሕግ ትጠብቃለች ብለው በከሰሷት ጊዜ፥ በ1547 ዓ.ም. ባወጣው የሃይማኖት መግለጫው፥ ግዝረት በእኛ ዘንድ የአገር ልማድ እንጂ የሙሴን ሕግ መጠበቂያ እንዳይደለ፥ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ መሆኑን አስረድቶአል። ይህን የጻፈው ከሃዲ አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ስለ አገሩና ስለ ሃይማኖቱ በጦር ሜዳ የወደቀ ንጉሥ ነው። በኋላም በሱስንዮስ ዘመን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግዝረትን ከሌላው ሥርዐታችን ጋር ቢከለክል፥ ሕዝቡ ልማዱን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተነሣ። ባዕድ የነቀፈው ነገር ሁሉ በኛ ዘንድ ይከብራልና! ከዚያ ወዲህ ልማድና ሃይማኖት ተቀላቅለው ለመለየት አስቸገሩ።

ስለ ወንዱ እኛ ጠብ የለንም። በውጭው ዓለምም ሊቃውንት ስለ እርሱ ገና ይከራከራሉ። በ2004 ዓ.ም. የኮሎኝ ፍርድ ቤት ወንድ ሕፃንን ለሃይማኖት ብሎ መግረዝ አካል ማቍሰል ነው ብሎ ቢፈርድ፥ የጀርመን ሸንጎ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ ፈቀደው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 ዓ.ም. የወንድ ግዝረት የኤች አይ ቪን መተላለፍ እንደሚቀንስ ተቀብሎአል፤ ዳሩ ግን ሙከራው የተደረገው ለአካለ መጠን በደረሱ ወንዶች ላይ ነውና፥ ለስምንት ቀን ሕፃን እንደ ማስረጃ መጥቀሱ አይገባም። ልጁን ማስገረዝ የሚወድ አባት ቢኖር ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ ዐርብ ገበያ፥ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ይዞት ይሂድ፤ እንጥልም በሚቈርጥ፥ ግግም በሚያወጣ በዚያው ስለት አያስነካው። ሕፃኑ ደካማ ቢሆን ይቈይ፤ ቢቈይ ኃጢአት አይሆንበትም።

ስለ ሴቷ ግን በሐኪሞች ዘንድ ክርክር የለም። ጥቅም አለው የሚል አንድ ስንኳ አይገኝም። ደም ይፈስሳታል፤ ቍስሉ ይመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ የያዛትም ትሞታለች። የዳነችውም ጠባሳውን እስከ ምጧ ቀን ትሸከመዋለች። በዚህ ፈንታ የሚሰጠን ምክንያት ምንድር ነው? ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች ይባላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ሥራ ፈትተው በተቀመጡ ነበር፤ ከተገረዙት እናቶቻችን እጅ ስንት እንስራ ወድቆ ተሰብሮአል! ለንጽሕናዋ አጥር ነው የሚሉም አሉ። ንጽሕናን በምግባርና በትምህርት ፈንታ በምላጭ የሚጠብቅ አባት፥ ወንዶች ልጆቹን በምን ይጠብቃቸው ይሆን?

የመንግሥት ሕግ አለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይላል። ልማዱም ቀንሶአል፤ በ1992 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 80 ተገርዘው ሲገኙ፥ በ2008 ዓ.ም. 65 ሆነዋል። በአማራ ክልል በዚያው ዓመት ከመቶ 62 ነበሩ። ሆኖም ሕግ የሚሠራው ምስክር ሲኖር ነው፤ የስምንት ቀን ሕፃን ለማን ትመሰክራለች? የቀድሞው ግዝረት በጎረቤት ፊት ይደረግ ነበር፤ የዛሬው በር ተዘግቶ ይደረጋል። ፖሊሱ አይሰማም፤ መምህሩም ልጅቱን የሚያያት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በአራስ ቤት በር ሳይከለከል የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። ጠበል ሊረጭ ይመጣል፤ እናቲቱም ከባሏ ቃል ይልቅ የእርሱን ቃል ትሰማለች። በዚያን ሰዓት «ይህ ከመጽሐፍ የለም፥ ልጅሽን አታስነኪ» ቢል ነገሩ በዚያ ቤት ይቆማል። ብዙ ጊዜ ግን ቡናውን ጠጥቶ፥ ባርኮ፥ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ዝምታውም እንደ ፈቃድ ይቈጠራል። «ማንም አልጠየቀኝም» የሚል አባት እንዳለ እናውቃለን። ተማሪው ምልክቱን ሲስት መምህሩ የሚያርመው ተጠይቆ ነውን? የሚሻለውስ ገና ሴትዮይቱ እርጉዝ ሳለች፥ ወር ሲገባ፥ ባልና ሚስቱን በአንድነት አስቀምጦ ቢነግራቸው ነው፤ በሰማንያው ቀን ሕፃኒቱን ተቀብሎ ሲያጠምቃት ገራዧ ከሄደች 72 ቀን ሆኖአታልና።