የጋሪ ፈረስ ቀለብ በሚዛን ይሁን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ማድረሱም ቢሆን የሚቻለው ሲበላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት መሪዎች አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ በደብረ ብርሃን፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም ከተሞች ጋሪ ከሚጎትቱት ፈረሶች መካከል ግን ስም ቀርቶ በቂ ሣር እንኳ የሌላቸው፣ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ የሚቆጠር ብዙዎች ናቸው። አንዱ አስፋልት ላይ በወደቀ ቁጥር የአንድ ቤተሰብ የዕለት ገቢ አብሮ ይቋረጣል።

ባለጋሪው ሁሉ ጨካኝ ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበልም። ራሱ ሳይጠግብ ለፈረሱ ፉርሽካ የሚገዛ ባለጋሪ ጥቂት አይደለም። ስሕተቱ ፈረስን እንደ በሬ መቁጠሩ ላይ ነው። በሬ የበላውን ተኝቶ ያመሰኳል፤ ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ከጠቅላላ የሆድ ዕቃው ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሣሩን የሚያብላላው በስተኋላ ባለው ሰፊ አንጀቱ ነው። በመሆኑም ተፈጥሮው ጥቂት በጥቂት፣ ብዙውን ሰዓት መብላት ነው፤ የበላውን ማስመለስም አይችልም። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆዱ ሲሮጥ ውሎ ማታ አንድ ባልዲ ገብስ ሲደፋለት፣ ጨጓራው ያልፈጨው እህል ወደ ኋላ አልፎ ይቦካል። ሆዱ ይነፋል፣ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ቢተርፍም እግሩ ሰኮናው ውስጥ ተቆጥቶ ሊያነክስ ይችላል። በማግሥቱ «ዐይን ነው» ሲባል እንሰማለን። እኛ ባልዲውን እንጠረጥራለን።

ታዲያ ምን ያህል ይብላ? ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ያገራችን ፈረስ ይህ 5 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 3 ኪሎ ተኩሉ ድርቆሽ ወይም ጥሩ ሣር ሊሆን ይገባል፤ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ለሥራ ፈረስ ኃይል አይሰጥም። ቀሪው 1 ኪሎ ተኩል የተከካ ገብስ ወይም አጃ ሆኖ ለሁለት፣ ቢቻል ለሦስት ጊዜ ይከፈል። ፈረስ ሲከሳ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጨምሩት እህል ነው፤ መጀመሪያ መጨመር ያለበት ግን ሣሩ ነው። የመኖ ለውጥም ከሳምንት በላይ ወስዶ ቀስ በቀስ ይደረግ። የሻገተ ድርቆሽ፣ በተለይም የሻገተ በቆሎ፣ በርካሽ ቢገኝም አይገዛ።

ጣሳ ሚዛን አይደለም። አንድ ጣሳ ፉርሽካ ከአንድ ጣሳ ገብስ ክብደት ግማሹን እንኳ አያህልም። ወታደር ራሽኑ በግራም የሚለካበትን ምክንያት ያውቃል፤ በተራራማ ግንባር ስንቅና ጥይት በበቅሎ ጀርባ ሲወጣ ያየም ለአጋሰሱ ቀለብ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ አይጠፋውም። ፉርሽካ ፎስፈረስ በዝቶበት ካልሲየም የሚያንሰው በመሆኑ፣ ፈረሱ ለወራት በእርሱ ላይ ብቻ ከኖረ አጥንቱ ይሳሳል። ለፉርሽካ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ድርቆሽ ቢዛወር ወጪው እምብዛም ሳይጨምር ፈረሱ ይጠቀማል እንላለን። ሣር ተወድዷል የሚለው እውነት ነው፤ ሌላ ፈረስ መግዛት ግን ከዚያ ይብሳል።

ባለጋሪው ብቻውን የማይወጣው ነገር ደግሞ ውሃ ነው። የሥራ ፈረስ በቀን 25 ሊትር፣ በሙቀት ከዚያም በላይ ይጠጣል። የሚያልበው ፈረስ ጨውም ስለሚያስፈልገው ከጋጣው አሞሌ አይታጣ። ከጠዋት እስከ ማታ ከፌርማታ ፌርማታ የሚመላለሰው ፈረስ ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ ከንፈሩን የማያርስ ከሆነ ያ ሁሉ ደረቅ መኖ አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል። ማዘጋጃ ቤቶች ከጋሪ ላይ ግብር የሚሰበስቡ ከሆነ በየጋሪ ማቆሚያው አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ማሠራት አይከብዳቸውም። ገንዳው በየቀኑ የሚታጠብ፣ ጥላ ያለበትና ፈረሱ ከጋሪው ሳይፈታ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚደርስበት ይሁን።