የናፍጣው ሒሳብ፦ ከሶማሌ ተራ እስከ ጣና

ባሕር ዳር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን አዲስ አበባ የመጣው ለሠርግም ለልቅሶም አልነበረም። "መርካቶ አብረን እንውረድ፣ ሞተር ልገዛ ነው" አለኝ። መኪና ገዝተህ ነው እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። ሞተሩ የሚገጠመው ጀልባ ላይ ነው።

ዘመዴ ምዕመናንንና ጎብኚዎችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የምታመላልስ አንዲት አሮጌ ጀልባ አለችው። በሆዷ የተሸከመችው የቤንዚን ሞተር ነው። ካርቡሬተሩ በየጊዜው ይታጠባል፣ ካንዴላው በየጊዜው ይቀየራል፣ ከሁሉም በላይ ቤንዚን ሲጠጣ አይጣል ነው። ስለዚህ "ወደ ናፍጣ ልቀይራትና ልረፍ" ከሚል ውሳኔ ደርሷል። በአገራችን ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቤንዚን ላንድክሩዘሩን ወይም ላንድሮቨሩን ሞተር አስወርዶ የናፍጣ ያስገጠመ ሰው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። "ናፍጣ ይሻላል" ማለት ለብዙዎቻችን ማስረጃ የማያሻው እውነት ሆኖ ኖሯል።

ሶማሌ ተራ ስንደርስ ሞተሮቹ ዘይት በጠገበው መሬት ላይ ተደርድረው ጠበቁን። ከሚኒባስ የወረዱት ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል፣ ከላንድክሩዘር የወረደው ዋን ኤችዜድ፣ ሁሉም የናፍጣ ናቸው። ሻጩ "ለምን መኪና ነው ጋሼ?" አለው ዘመዴን። ለጀልባ መሆኑን ሲሰማ ፈገግ አለና "ያው ነው፣ ሞተር ሞተር ነው" ሲል መለሰ።

ለመሆኑ ሞተር ሁሉ ሞተር ነው? የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው ከፊት ለፊት በሚመጣ ነፋስና በራዲያተር ነው። በጀልባ ሆድ ውስጥ ነፋስ የለም። ስለዚህ የሞተሩን ሙቀት ለሐይቁ ውኃ የሚያስረክብ ሌላ ማቀዝቀዣ ሊሠራለት ይገባል፤ ማርሚታውም እንጨቱን እንዳያቃጥል ሌላ መላ ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይከብዳል፤ የሚቀመጥበት አልጋ ካልተጠናከረና ክብደቱ ካልተመዛዘነ ጀልባዋ ታጋድላለች። ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ የቀድሞው ፕሮፔለር አይስማማውም፤ ካምቢዮውም አብሮ ይታሰባል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ይጎድለዋል። የተጻፈለትን የፈረስ ጉልበት አምኖ የገዛ ሰው ማዕበል በተነሳ ቀን ያዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። "ናፍጣ ይሻላል" ያሰኘን ከሞተሩ ባሕርይ እኩል የመንግሥት ዋጋ ነበር። በኅዳር 2014 ማብቂያ በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 31 ብር ከ74 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ነጭ ናፍጣ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር። ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር፣ ሰኔ 29 ቀን 2014 ቤንዚን 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ ደግሞ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ። ናፍጣ ቤንዚንን በለጠ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ዋጋ እንደገና ቦታ ተለዋውጠው ነበር፤ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ደጋግሞ ጨምሯል። እንግዲህ ማን ከማን እንደሚረክስ በየማስታወቂያው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሞተር መለወጥ በአሸዋ ላይ ቤት እንደመሥራት ነው።

ይሁንና ዘመዴ ደብተሩን ይዞ ነው የመጣው። በእሱ ግምት ጀልባዋ በሰዓት 15 ሊትር ቤንዚን ትፈጃለች፤ የናፍጣ ሞተር ተመሳሳዩን ሥራ በ10 ሊትር ይሠራል። ግምቱ የተጋነነ አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ የሚያወጣው ጉልበት ከቤንዚኑ የበለጠ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዋጋ ስናሰላው በሰዓት 532 ብር ገደማ ይተርፈዋል። ልብ በሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከዋጋ ልዩነት የመጣው 25 ብር ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ ካልተቃጠለው አምስት ሊትር የተገኘ ነው። ስለዚህ ናፍጣ ዛሬም ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ስለረከሰ ሳይሆን ጥቂት ስለሚጠጣ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሊትር የሚቆጠበው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነውና። ሞተሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ፕሮፔለሩና የገጠማው የእጅ ዋጋ ተደምሮ ደብተሩ ላይ 600 ሺህ ብር ደርሷል። ጀልባዋ በዓመት 500 ሰዓት ከሠራች 266 ሺህ ብር ትቆጥባለች፤ ወጪው ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ይመለሳል። 100 ሰዓት ብቻ ከሠራች ግን ቁጠባው 53 ሺህ ብር ነው፤ ወጪው ለመመለስ 11 ዓመት ያልፈዋል። ያገለገለ ሞተር ደግሞ 11 ዓመት የሚጠብቅ አይደለም።

"ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት ሠራህ?" ስል ጠየቅሁት። ደብተሩን ዘጋው።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁ ይታወሳል። አዋጁ በ2016 ቢያበቃም ግጭቱ አላበቃም። ጎብኚ ቀረ፤ ምዕመኑም መንገዱን እየፈራ ጉዞውን አሳጠረ። የዘመዴ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ታስራ ትውላለች። የቆመ ጀልባ ላይ ቤንዚንም ናፍጣም እኩል ነው። በእኔ እምነት የዚህን ሞተር ዕዳ የሚከፍለው የነዳጅ ዓይነት አይደለም፤ ሰላም ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ነገር ግን አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ አሮጌው ዕድሜውን ማራዘሙ አይቀርም፤ ያገለገለ ሞተር ፈላጊው ይበዛል። ጀልባ ደግሞ ከባለመኪናው ጋር ተሻምታ ልትገዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ከተሜ ስለ ነዳጅ ማሰብ ሊያቆም ይችላል፤ የጣና ጀልባ፣ የመስኖ ፓምፕና የገጠር ወፍጮ ግን ገና በቂ አማራጭ አልቀረበላቸውም።

አንድ ነገር ግን ከገንዘብ ሒሳብ ውጭ ሊቆጠር ይገባዋል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባ ወለል ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል እንፋሎት አይሰጥም። ተሳፋሪ ለሚጭን ጀልባ ይህ ብቻውን ለለውጡ በቂ ምክንያት ነው። ችግሩ ምክንያቱ ለሕዝብ ደህንነት ሆኖ ሳለ ወጪው በአንድ ባለጀልባ ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው። በ2017 ጣናነሽ ሁለት የተሰኘችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጉዛ ባሕር ዳር ስትገባ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ለነባሮቹ ትንንሽ ጀልባዎችም ለሞተር ለውጥ የሚሆን ብድርና የገጠማ ደረጃ ቢዘጋጅ፣ ገጠማውን የሚመረምር ባለሙያ ቢመደብ ምን ይጎድላል?

ዘመዴ ሞተሩን አልገዛም። ከሶማሌ ተራ ይዞ የወጣው አዲስ የቤንዚን ቱቦና ማሰሪያዎችን ነው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወለሉን የሚያናፍስለት፣ ብልጭታ የማይፈጥር ማናፈሻ እንዲያስመጣም ተስማማን። ሻጩ "ጋሼ፣ ነገ ብትመጣ ዋጋው ሌላ ነው" አለው፤ ውሸቱን አይደለም። ዘመዴም "መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ" ብሎት ወደ አውቶቡስ ተራ አመራን።