መለያ ቁጥር ውል ነው

ከመተማ ቆላ የተጫነ ሰሊጥ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፣ ይመረመራል፣ ደረጃም ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ገዥ ጆንያ አይፈታም። የሁመራና ጎንደር ነጭ ሰሊጥ መሆኑንና ደረጃውን አይቶ ይከፍላል። ገበያው በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። አንድ መጋዘን ብቻውን የራሱን ደረጃ ቢያወጣ እምነቱ ይፈርሳል።

ምናባዊ ማሽን ውስጥ የሚነሳ ከርነልም እንደዚያ ገዥ ነው። ዲስኩም የኔትወርክ ካርዱም በሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው፤ ከርነሉ የሚያምነው መለያ ቁጥራቸውን ነው። ቁጥሩን አንብቦ ድራይቨር ይመድባል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ድራይቨር አይመጣም፤ የሚነሳበት ዲስክ ካልተገኘ ማሽኑ ተገትሮ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ቨርቲዮ የተባለው ስምምነት ራሱ ከስህተት ተምሯል። በእሱ ዘንድ ኔትወርክ ዓይነት 1፣ ዲስክ ዓይነት 2፣ የማስታወሻ ፊኛ ዓይነት 5 ነው። በድሮው አሠራር ግን በፒሲአይ ላይ የሚታየው መለያ 1000፣ 1001 እና 1002 ነበር። 5 እና 1002 ምን አገናኛቸው? ምንም። ድራይቨሩ እውነተኛውን ዓይነት ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ስሪት 1.0 ይህን አስተካከለ፦ 1040 ላይ የዓይነቱን ቁጥር መደመር ብቻ ነው (ቁጥሮቹ በአሥራ ስድስት ቤት የሚቆጠሩ ናቸው)። ኔትወርክ 1041፣ ዲስክ 1042፣ ፊኛ 1045 ሆነ። የድሮዎቹ ቁጥሮችም ለሌላ ዕቃ አልተሰጡም፤ የቆየ ማሽን እንዳይሳሳት ለነባሮቹ ተጠበቁ።

ሌላም ብልሃት አለው። መለያው የሚናገረው ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ምን ምን እንደሚችል ድራይቨሩና ዕቃው በተለየ የችሎታ ምልክት ይስማማሉ። ስለዚህ አዲስ ችሎታ በተጨመረ ቁጥር አዲስ መለያ አያስፈልግም።

«ለሙከራ ነው፣ ማንም ያልያዘውን ቁጥር ለጊዜው ልጠቀም» የሚል ወጣት ፕሮግራመር አይጠፋም። ችግሩ ጊዜያዊው ከእጅ መውጣቱ ነው። ኮዱ ይገለበጣል፣ ሰው ይገለገልበታል፣ ከዚያ ያው ቁጥር በሕግ ለሌላ ዕቃ ይሰጣል። ያኔ ሁለት ዕቃ በአንድ ስም ይጠራል፤ ከርነሉም የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። ቁጥሩን አስቀድሞ ከደረጃ አውጪው ኮሚቴ ማስያዝ የተወሰነ ትዕግሥት ይጠይቃል። በየሰው ማሽን የተሰራጨን የተሳሳተ መለያ መሰብሰብ ግን ከተሸጠ በኋላ የሰሊጡን ደረጃ ለመቀየር እንደመሞከር ነው።