የጎረቤት ግድግዳ

ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ሄዶ ቶቲል ተራራ ሥር ቡና ያልጠጣ ሰው ከሰላን አየሁ አይበል። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ለአንድ ነፃ ሶፍትዌር ያረምኩትን ኮድ ለመላክ እታገል ነበር። እርማቴ ሁለት ፋይል ነው፤ አሥራ አምስት መስመር አይሞላም። የሚጫነው ግን የፕሮጀክቱ የዓመታት ታሪክ በሙሉ ነው። ቡናዋን የምታፈላው ሀበሻ ናት። አቦል ላይ የጀመርኩት፣ በረካ ሲቀዳ መስመሩ ተቆረጠና ከዜሮ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ ባማርር፣ «ወንድሜ፣ ባዛርህ ስንተኛው ስሪት ነው?» አለኝ። አሮጌ ነበር።

ባዛር ስንል የዕቃ ገበያውን አይደለም። ባዛር፣ ጊትና መርኩሪያል ሦስቱም በ2005 የተወለዱ የኮድ ታሪክ መዝጋቢዎች ናቸው። ፕሮጀክቱን የቀዳ ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል፤ ዋናው ሰርቨር ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይጠፋም። ነፃነቱ ግን ሸክም አለው፤ ሸክሙም የሚሰማው መስመር ቀጭን በሆነበት አገር ነው።

በ2008 የወጣው ባዛር 1.6 ለዚህ መላ ይዞ መጣ፤ ተደራቢ ብራንች፣ ማለትም በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የሚደረብ የኮድ ቅርንጫፍ። አዲሱ ብራንች ሰርቨሩ ላይ የሚይዘው የራሱን ለውጥ ብቻ ነው። የቀረውን ታሪክ ሲጠየቅ፣ ወደተደረበበት ዋና ብራንች ይመራል። የካኖኒካል ኩባንያ የኮድ ማስቀመጫ ላውንችፓድም አዲስ ብራንች ሲመጣለት በዋናው ላይ በራሱ ይደርበው ጀመር። አዲሱን ስሪት በፍላሽ አስመጥቼ ስሞክር፣ ኮዴ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ደረሰ።

ደስታዬ ግን ጥያቄ አስከተለ። ከጎረቤት ግድግዳ ተደግፎ ቤት የሠራ ሰው ጭቃና ጭድ ይቆጥባል፤ ጎረቤቱ ያፈረሰ ዕለት ግን ሜዳ ላይ ነው። ተደራቢ ብራንችም እንዲሁ ነው፤ የተደረበበት ከተሰረዘ ወይም ካልተገኘ አይነበብም። ከሰላ ይህን ከጋሽ ወንዝ ታውቀዋለች። ጋሽ የኛው መረብ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና በክረምት ይሞላል። በ2003 ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ የጭቃ ግድግዳ አልቻለውም።

መስመርም እንደ ጋሽ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። በፌብሩዋሪ 2024 ጦርነት ላይ ባለችው ሱዳን ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ላፕቶፑ ላይ ተደራቢ ብቻ የያዘ ሰው የገዛ ሥራውን ታሪክ ማየት ያቅተዋል። ሙሉውን የያዘው ግን ለውጡን እዚያው እየመዘገበ (ኮሚት እያደረገ) መስመር እስኪመለስ ይሠራል።

«ባዛር እኮ ዘመኑ አልፏል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የጽሑፍ ማረሚያው ኢማክስ እንኳ በ2014 ወደ ጊት ሄዷል። ነገሩ ግን አላለፈም። ዛሬ በጊት ከፊል ቅጂ የሚያወርዱ ልጆች የጎደለውን ፋይል በፈለጉ ቁጥር ሰርቨሩን ይጠይቃሉ፤ ሰርቨሩ ካልመለሰ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ሰርቨር ላይ ደርቡ፣ እጃችሁ ላይ ግን ሙሉውን ያዙ። በመተማ ተሻግራችሁ ወደ ገዳሪፍና ከሰላ የምትሄዱ ልጆች፣ መስመር ሳለ ሙሉውን ቅጂ አውርዳችሁ ውጡ።