የጅብ ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት፣ ከኮተቤ ጀርባ ባሉት የሣር መስኮችና በየካ ተራራ ደን ውስጥ እንጉዳይ በአንድ ሌሊት ብቅ ይላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ ጠቁሮ ይበሰብሳል። አብዛኛው ነዋሪ «የጅብ ጥላ» ብሎ አልፎት ይሄዳል፤ ልጆች በዱላ ይመቱታል። ነጩም ቡናማውም፣ ከሣር መካከል የወጣውም ከጉቶ ላይ የበቀለውም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራል።

ይህ ስም ውለታ አልዋለም ማለት አይቻልም። የማያውቁትን አለመንካት ብልህነት ነው። ዛሬ ግን ጥርጣሬ ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በአገሪቱም በጋምቤላ ክልል እንደሚኖረው የማጃንግ ሕዝብ የዱር እንጉዳይን በዓይነቱ ለይቶ የሚመገብ ማኅበረሰብ አለ። በከተማዋ ሱቆችና ሆቴሎች ደግሞ በቤት ውስጥ የተመረተ እንጉዳይ፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ እንግዳ ምግብ መሆኑ ቀርቷል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ የሚውለውም ልክ የዱሩ እንጉዳይ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ሱቅ ውስጥ ያየውን የሚመስል እንጉዳይ ደጁ ላይ ያገኘ ሰው እጁን ቢሰድ አይፈረድበትም። አደጋው ያለው «የሚመስል» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የደረሰው ይህንኑ ያሳያል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሄዱ ስደተኞች በአገራቸው ሲበሉት የኖሩትን የገለባ እንጉዳይ ያገኙ መስሏቸው አማኒታ ፋሎይደስ የተባለውን ገዳይ እንጉዳይ ለቅመው በልተዋል። ይህ እንጉዳይ የአውሮፓ ተወላጅ ሲሆን ወደ አሜሪካ የገባው ከዛፍ ጋር ነው። ሰዎቹ ስለ እንጉዳይ ምንም የማያውቁ አልነበሩም። ያውቃሉ፤ እውቀታቸው ግን የሌላ አገር እውቀት ነበር።

እንጦጦም ከሌላ አገር የመጣ ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው። የጥንቱ ደን የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። አውስትራሊያዊው ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አካባቢውን ከሸፈነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ አገር በቀል ችግኞችን መልሶ የመትከል ሥራ አለ። ይህ ታሪክ ለእንጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሐበሻ ጥድ፣ ከወይራና ከኮሶ ሥሮች ጋር ተባብረው የሚኖሩት ፈንገሶች ጥላ ያለው እንጉዳይ አያወጡም። በአገር በቀሉ ደን ውስጥ የሚታየው እንጉዳይ ባመዛኙ የረገፈ ቅጠል፣ የወደቀ ግንድ ወይም ፋንድያ እያበሰበሰ የሚኖር ነው። ባህር ዛፍና ፓይን ግን ከሥሮቻቸው ጋር የሚጣመሩ፣ ጥላ የሚያወጡ ፈንገሶች አሏቸው፤ እነዚህም ከችግኝና ከአፈር ጋር ባሕር ያቋርጣሉ። ገዳዩ አማኒታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የደረሰው ከአውሮፓ ከመጡ ዛፎች ጋር ነው። ስለዚህ አንድ የግብርና ባለሙያ እንጉዳይ ሲያገኝ ከማጎንበሱ በፊት ቀና ብሎ ዛፉን ማየት አለበት።

ከዚያ ማጎንበስ ይመጣል። በሣር መስክ ላይ ከሚወጡት መካከል አጋሪከስ የሚባለው ወገን የሱቁ እንጉዳይ ዘመድ ነው። ከጥላው በታች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ክፍሎች ለጋ ሳለ ሮዝ፣ ሲያረጅ እንደ ቸኮሌት ቡናማ ይሆናሉ፤ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ከዚሁ ወገን ግን የእግሩ ታችኛ ጫፍ ሲቆረጥ ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆንና እንደ ጽሕፈት ቀለም የሚሸት አለ፤ ሆድ ያውካል። በሞቃታማ አገሮች ሣር ላይ የሚበዛው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ደግሞ ትልቅ፣ ነጭና ለዓይን የሚያምር ሲሆን ገጾቹ እያረጁ ሲሄዱ ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። የበላው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ይያዛል። የገዳዩ አማኒታ ገጾች ነጭ ናቸው፤ ነጭ እንደሆኑም ይቀራሉ። ከእግሩ ግርጌ፣ አፈር ውስጥ፣ እንደ ስኒ ያለ ከረጢት አለው። እንጉዳዩን ከመካከል ቀንጥሶ የሚወስድ ሰው ዋናውን ምልክት አፈር ውስጥ ትቶት ይሄዳል። በቢላ ከሥሩ ጎርጉሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ምስጦች የሚያለሙትና ከኩይሳ ላይ የሚወጣው ተወዳጁ እንጉዳይ ግን የሞቃት አካባቢ ሲሳይ ነው፤ በእንጦጦ ብርድ «የኩይሳ ነው» የሚል ሻጭ ቢገኝ መጠርጠር ይገባል።

በየአገሩ የሚነገሩ መፈተኛዎችም አሉ። ትል የበላው አይገድልም፣ ከብት ከቀመሰው ይበላል፣ ብር ወይም ነጭ ሽንኩርት አብሮት ተቀቅሎ ካልጠቆረ ደህና ነው ይባላል። አንዱም እውነት አይደለም። የአማኒታ ፋሎይደስ መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየቱ ነው። ከበሉት በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምንም ስሜት የለም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጋብ ይላል፤ ቤተሰብም ተሻለው ብሎ ያመሰግናል። ጉበት የሚጎዳው ግን በዚያው ጊዜ ነው። የዱር እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው ቢሻለውም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ከድስቱ የተረፈውና ያልተሠራው እንጉዳይም አብሮ መሄድ አለበት። ይህን ሁለት መስመር ምክር በክረምት በየጤና ጣቢያው በር ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የወረዳ ባለሙያ በመጽሐፍ ልርዳ ቢል በ8 ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ አያግዘውም፤ እንጉዳይ ዕፅዋት ስላልሆነ እዚያ የለም። ስለዚህ መዝገቡ ከታች መጀመር አለበት። ባለሙያው እንጉዳዩን ከነሥሩ አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ የበቀለበትን ዛፍ ወይም ሣር ይጽፋል፤ ከዚያ ጥላውን ቆርጦ ገጾቹን ወደ ታች አድርጎ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ያሳድረዋል፣ ብርጭቆም ይደፋበታል። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ብናኝ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ወገኑን ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ነው። ለመብላት ግን ፈቃድ አይደለም። የደረቀው ናሙና ከወረቀቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ቢላክ ስሙን የሚያወጣ ሰው እጅ ይገባል።

የዱሩን እንጉዳይ ከወዲሁ የገቢ ምንጭ እናድርገው የሚል ሐሳብ ከመጣ አሁን ጊዜው አይደለም። ስሙ ያልተለየ እንጉዳይ ለገበያ እንዳይቀርብ ወረዳዎች በግልጽ መናገር አለባቸው። እንጉዳይ አምርቶ መሸጥ ለሚፈልግ ኦይስተር የሚባለው ዓይነት በሙቅ ውኃ በታከመ ጭድ ላይ ይበቅላል፤ የሚፈልገው አስተማማኝ የዘር አቅርቦት ነው፤ ጽሕፈት ቤቶች ድጋፋቸውን እዚያ ላይ ቢያደርጉ ይሻላል።

የምዝገባው ሥራ ከሰኔ መጀመሪያ መነሳት ይኖርበታል። ዕቅዱን በመስከረም የሚያጸድቅ ወረዳ ዳገቱ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው የበሰበሰውን ብቻ ነው።