ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ሰዓቱ

እህል በጎተራ፥ ውሃም በእንስራ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በሽቦ ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱን የሚጠብቅ ነገር አይደለም። በየቅጽበቱ የሚመነጨውና በየቅጽበቱ የሚሠራበት ኃይል የተካከለ መሆን አለበት። ስለዚህ በየቤቱ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ በተነገረ ጊዜ፥ ምን ያህል ተሠራበት ከሚለው ጥያቄ ጋራ በየትኛው ሰዓት ተሠራበት የሚለውም አብሮ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ነገር በሌሎች አገሮች ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በእንግሊዝ አገር በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር «ኢኮኖሚ ሰቨን» የተባለ የዋጋ ሥርዓት ተጀምሯል፤ ይኸውም በሌሊት ለ7 ሰዓት የሚሠራበት ኃይል ከቀኑ በረከሰ ዋጋ እንዲሸጥ የሚያደርግ ነው። በፈረንሳይ አገርም እንዲህ ያለውን ውል የመረጠ ደንበኛ በቀንና በሌሊት ውስጥ ለ8 ሰዓት የረከሰ ዋጋ ያገኛል። አስተዋይ የሆነ ቤተ ሰብ የመታጠቢያውን ውሃ በዚያ ሰዓት ያሞቃል፥ ልብሱንም በዚያው ሰዓት በመኪና ያጥባል፤ ሥራውም ሳይጐድል ሒሳቡ ይቀልለታል። ነገር ግን የእንግሊዙን ውል የያዘ ሰው የቀኑን ኃይል ከሌላው ደንበኛ አስበልጦ ስለሚከፍል፥ ሥራውን ወደ ሌሊት ሳያዛውር ውሉን ብቻ ቢፈርም ይጐዳል እንጂ አይጠቀምም።

በኢትዮጵያ ግን የመኖሪያ ቤት ሒሳብ የሚታሰበው በወር ውስጥ በተቈጠረው ኪሎዋት ሰዓት ብዛት ነው። የመጀመሪያው የ50 ኪሎዋት ሰዓት ደረጃ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ሲሆን፥ መጠኑ በጨመረ ቍጥር የዋጋውም ደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። እንግዲህ ምጣዱን ከምሽት ወደ ረፋድ ማዛወር ብቻውን የወሩን ሒሳብ አይቀንስም፤ ይቀንሳል ብሎ መናገርም ሕዝብን ማሳሳት ይሆናል። ሆኖም ሰዓትን መምረጥ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛው ለጎረቤት፥ ሁለተኛውም ለባለቤቱ ነው።

ስለ ጎረቤት ጥቅም አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ኃይል ይስባል፤ ይህም ባለ 10 ዋት የሆኑ 350 አምፑሎችን የሚያበራ ነው። ለአንድ ሰፈር የቆመ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር፥ ሌላ ሸክም ሁሉ ባይኖርበት እንኳ፥ ከ57 ምጣድ በላይ አይችልም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደግሞ መብራቱም፥ ቴሌቪዥኑም፥ የወጥ ምድጃውም አንድነት ይበራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፥ የየቤቱ ምጣድ ባንድ ሰዓት ሲያብር ትልቁን ትራንስፎርመር ይጥለዋል። ያን ጊዜ የመብራቱ ብርሃን ይደክማል፤ ምጣዱም በወጉ ስለማይግል የእንጀራው ዓይን አይወጣም፤ በመጨረሻም ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል። ተማሪው መጽሐፉን ይዘጋል፤ በጤና ጣቢያ ያለች ወላድም በጨለማ ትጨነቃለች።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው፥ እንግዲህ ኃይሉ ከሞላ መቈጠብ ስለ ምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። ነገር ግን ከጉባ የመነጨው ኃይል ወደ ቤት የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በቀጭኑ ሽቦ በኩል ነው። የወንዝ መሙላት የእንስራን አፍ አያሰፋውም።

የባለቤቱም ጥቅም እንደሚከተለው ነው። ምጣዱ የመጀመሪያውን ሊጥ ከመቀበሉ በፊት ለመጋል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ፥ እንጀራ ሳይገኝበት 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ያልቃል። በሳምንት 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት የምትጋግር እመቤት በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ አብዝታ ብትጋግር፥ የ2 ጊዜ ማሞቂያ ይተርፍላታል፤ ይህም በ4 ሳምንት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከመጀመሪያው የዋጋ ደረጃ ጋራ ቢመዛዘን ሰባተኛው እጅ ያህል ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝም ለመጨረሻው እንጀራ ኃይሉን አስቀድሞ ማጥፋት ይቻላል። እንዲህ ያለውን የተሰበሰበ ሥራ በረፋድ መፈጸም ከሁሉ የተሻለ ነው። ቀኑን በሥራ ውላ በምሽት የምትመለስ ሴት በዚህ ነገር አትወቀስም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለመጋገር ቢመቻት ራሷንም ጎረቤቷንም ትረዳለች።

ይህ ሁሉ ይልቁንም የሚጠነክረው በበዓል ዋዜማ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሲል ምጣዱም፥ ዳቦውም፥ የዶሮ ወጡም ባንድ ሌሊት ይደርሳሉ። ኃይል በብዛት የሚሠሩበት ፋብሪካዎች ለበዓል ሥራ እንዲያቆሙ የሚጠየቁትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በሚመክሩበት ጊዜ፥ የበዓሉ መጋገሪያ ከዋዜማው አንድ ቀን ቀደም እንዲል አንድ ቃል ቢጨምሩ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል። ጎረቤትን በጨለማ አለማስቀመጥም ከባልንጀራ ፍቅር የሚቈጠር ነው።

የመንግሥት ሹማምንት ደግሞ በየመሥሪያ ቤታቸው ምሳሌ መሆን ይገባቸዋል፤ የውሃ መሳቢያውን ሞተር ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ማስነሣት አንዱ መንገድ ነው። ከዚህም በቀር ሰዓቱን የጠበቀ ቤተ ሰብ ዋጋውን በሒሳቡ ላይ ሊያይ የሚችለው፥ ሰዓትን ለይቶ የሚቈጥር ቈጣሪና በሰዓት የተለየ ዋጋ በተሠራ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም ሲታሰብ፥ ሰዓቱን ለመለወጥ የማይችለው ድኻ እንዳይጐዳ አስቀድሞ ሊጠና ያስፈልጋል። የሕዝቡ ቁጠባም ያረጀውን ሽቦ ከማደስና የደከመውን ትራንስፎርመር ከመለወጥ ለማረፍ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሕዝብ ሰዓቱን ቢጠብቅ፥ ባለሥልጣንም መስመሩን ቢጠብቅ፥ ከሩቅ ወንዝ በብዙ ድካም የመጣው ብርሃን በየቤቱ ሳይቋረጥ ይበራል።